አምስት ዙር የታሰረው ክዳን

ሂርና ውስጥ ጫት እያሰረ ያደገ ሰው ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ አየር ያገኘው ጫት ይሞታል። ዘውድነሽ ይህን ሕግ የተማረችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ሲያርፉ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ከጫት አሳሪዎቹ ሴቶች መሀል ተቀመጠች፤ ከጎኗ እኩያዋ ሞሚና ነበረች። ሁለቱ ልጆች ቅጠሉን በኮባ ጠቅልለው፣ ጠርዙን አጥፈው፣ ገመዱን በጉልበታቸው ወጥረው ሲያስሩ ትልልቆቹ ሴቶች እንኳ ሥራቸውን አቁመው ያይዋቸው ነበር። በተለይ የዘውድነሽ እስር ስም አወጣ። ጂጂጋ ድረስ ተጭኖ የሄደው ጫት ሲፈታ ገና አሁን የተቀጠፈ ይመስላል፤ ነጋዴውም “ይቺ የማን እጅ ናት?” ብሎ ይጠይቃል።

“አንቺ ያሰርሽውን እኮ ነፍስም ሾልካ አትወጣውም!” ትላት ነበር ሞሚና እየሳቀች።

ዘመን አለፈ። ሞሚና አግብታ ከሂርና በመለስ ባለችው በአርበረከቴ ከመንገዱ ዳር ሻይ ቤት ከፈተች። ዘውድነሽም አግብታ ወደ ጭሮ መጣች፤ የዱሮ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ከሚሏት ከተማ። ባሏ ልጃቸው ኑሃሚን አምስት ዓመት ሳይሞላት በሕመም ተለያት። እግዚአብሔር ግን አንዱን በር ሲዘጋ ሌላ መግቢያ አያጣም፤ ዘውድነሽ የከብት እርባታ ሥራ በሚሠራ አንድ ቢሮ በጽዳት ተቀጠረች። እነሆ አሁን አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እሷ ደግሞ ልጇ ትታላት የሄደችውን የኬሚስትሪ መጽሐፍና አንድ ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዛ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጣ ታነባለች። ያስተማራት የለም። ማታ ዳዊቷን እንደምትደግም ሁሉ ቀን ቀን መጽሐፉን ትደግማለች። ያልገባትን ሦስቴ ታነበዋለች፤ ከሦስቴ በኋላም ካልገባት “ይቆየኝ፣ ጌታ ሲፈቅድ ይገባኛል” ብላ ታልፈዋለች።

በዚያ መጋዘን ውስጥ ሦስት ጋኖች አሉ። በወረቀት ላይ ስማቸው ኮንቴነር ነው፤ ሆዳቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ጠባብ ስለሆነ ግን የቢሮው ሰው ሁሉ ጋን ይላቸዋል። ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። ውስጣቸው ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ በቀጫጭን ስትሮ የተሞላ የምርጥ ኮርማ ዘር ተነክሮ ይቀመጣል። አዳቃዩ ያን ዘር ይዞ ገበሬው ደጅ ድረስ ይሄዳል፤ ላሟም በዓይኗ አይታው ከማታውቀው ኮርማ ትጸንሳለች።

ስለ ጋኖቹ መጀመሪያ የነገሯት አሁን ጡረታ የወጡት ንብረት ክፍሉ ጋሽ ዓባይ ናቸው።

“ይሄ ናይትሮጅን የምትዪው፣ ዘውድነሽ፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ይኸው የምንተነፍሰው አየር ነው። አየሩ አምስት እጅ ቢሆን አራቱ እሱ ነው።”

“አየር ደግሞ እንዴት ሆኖ በጋን ይቀዳል፣ ጋሽ ዓባይ? አታሹፉብኝ።”

“ሲቀዘቅዝ ነዋ! ከዜሮ በታች አንድ መቶ ዘጠና ስድስት ዲግሪ ሲደርስ ውሃ መስሎ ይፈስሳል። ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ፈልቶ ወደ አየርነቱ ይመለሳል። እዚህ ጋን ውስጥ ሌትም ቀንም እየፈላ ነው ያለው።”

“ይሄ በረዶ? እየፈላ?”

“እየፈላ።”

ዘውድነሽ ያን ቀን አማትባ ነው የሄደችው። በረዷማ ሆኖ የሚፈላ ነገር! ለብዙ ሰው ይህ ቀልድ ነው፤ ለእሷ ግን በእግዚአብሔር ፍጥረት ውስጥ አንድ ያላየችው ጓዳ የተከፈተላት ያህል ነበር። ጋሽ ዓባይ መጠኑን መለካትም አሳዩዋት። የእንጨት ማስመሪያ ወደ ጋኑ ታስገባለች፣ ጥቂት ቆጥራ ታወጣዋለች፣ አየር ላይ ታወዛውዘዋለች፤ ነጭ አመዳይ የያዘው ከፍታ የቀረው የናይትሮጅን መጠን ነው። ስለ ክዳኑ ግን የተናገሩት አንዲት ቃል ብቻ ናት። “ጣል አድርጊው፤ አትጫኚው” አሏት። ክዳኑ ከሥሩ ረጅም የፎም ውታፍ ያለው፣ በአንገቱ ውስጥ ላላ ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው። ለምን እንደማይጫን አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም። በልቧ ግን “ወንድ ልጅ ደግሞ መክደን መቼ ያውቃል” ብላ ነበር።

ከሦስቱ ጋኖች አሮጌው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት አንድ የብረት ሰሌዳ ተለጥፏል። ዘውድነሽ ጽሑፉን ፊደል በፊደል በደብተሯ ገልብጣ፣ በየምሳ ሰዓቱ አንዳንድ ቃል ከመዝገበ ቃላቱ ትፈልግ ጀመር። “አደገኛ ቅዝቃዜ” የሚለውን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀባት። “በባዶ እጅ አትንኩ” አንድ ሳምንት። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ከመጨረሻው በፊት ያለችው መስመር ተፈታችላት፦ “አንድ እጅ ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሰባት መቶ እጅ ይሆናል።”

ይህን ስታነብ ደብተሩን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። አንድ ሊትር፣ ሰባት መቶ ሊትር! ትዝ ያላት አምስቱ እንጀራ ለአምስት ሺህ ሰው የበረከተበት ወንጌል ነው። “ጌታ ሆይ፣ ሥራህ ግሩም ነው” አለች። በረከቱን አየች፤ ያ ሁሉ በረከት መውጫ ቢያጣ ምን ይሆናል ብላ ግን አልጠየቀችም። የቀረችውን አንዲት መስመር ለሰኞ ምሳ አሳደረቻት።

ሰኞ ምሳ ግን ከመድረሱ በፊት ሰኞ ጠዋት መጣ።

የዚያ ሳምንት ነገር እንዲህ ነበር። አዲስ ናይትሮጅን መምጣት ከነበረበት አሥር ቀን አልፎታል፤ የሚመረትበት ማሽን ተበላሽቷል ተባለ። ከሦስቱ ጋኖች ሁለቱ ደርቀዋል። የቀረው አሮጌው ብቻ ነው፤ እሱም አርጅቶ አንገቱ ዙሪያ አመዳይ ያወጣል፣ ቀን ከቀን ሁለት ሦስት ጣት ይጎድላል፣ ክዳኑ ሥር ነጭ ጭስ ያለማቋረጥ ይወጣል። በዚህ ላይ ሂርና አጠገብ አርባ ላሞች መርፌ ተወግተው፣ በአንድ ቀን ኮርማ እንዲፈልጉ ተደርገው፣ ባለቤቶቻቸው ማክሰኞን ይጠብቃሉ። አዳቃዩ ወንድምአገኝ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ገበሬው “ዶክተር” ሲለው ፊቱ የሚቀላ ልጅ። ዓርብ ማታ ጋኑን አይቶ “እስከ ማክሰኞ ከደረሰልኝ ስለት አለብኝ፣ እትዬ ዘውዴ” ብሏት ነበር።

ዘውድነሽ ሰኞ ጠዋት ስትለካ ማስመሪያው የያዘው አመዳይ ከጠበቀችው አነሰባት። በግምቷ አሥራ ሁለት ሊትር ቢቀር ነው። ጭሱ ይንቦለቦላል። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ እጅ ሳትጠራው መጣ። አየር ካገኘ ይሞታል። የሚሸሸውን መያዝ ነው። ፌስታል አምጥታ ክዳኑን ከነአንገቱ ሸፈነች፤ ጠርዙን እንደ ኮባ አጥፋ አጣጠፈችው። ከዚያም ከአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ረጅም ጥብጣብ ወስዳ፣ በመያዣዎቹ በኩል አሳልፋ፣ ጉልበቷን ከጋኑ ሆድ ላይ አስደግፋ ወጠረችው። አንድ ዙር። ሁለት። አምስት ዙር። ቋጠሮውን በጥርሷ ነከሰችው።

ጭሱ ቆመ። ደስ አላት። “ማርያምን፣ እስከ ኅዳርም ይደርሳል” አለች።

ጋኑ እንደ ልማዱ ጆንያ ውስጥ ገባ። ይህ የቢሮው አሠራር ነው፤ ተሳፋሪው ጭሱን ካየ “መርዝ ነው” ብሎ ስለሚወርድ ጋን በሚኒባስ የሚሄደው በጆንያ ተሸፍኖ ነው። ሾፌሩ ደረጀ ከበሩ ተረክቦ ከመጨረሻው ወንበር ሥር አስገባው። ወንድምአገኝ የሚሳፈረው ከመናኸሪያ ነውና ክዳኑን አላየውም። ሚኒባሱም ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ሂርና ተነሣ።

ዘውድነሽ መጋዘኑን ጠርጋ ጨርሳ ተቀመጠች። ልቧ ቀሎታል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያቺን የቀረች መስመር ልፍታት ብላ ደብተሯን ገለጠች። የመጀመሪያው ቃል “ስለዚህ” ነው። ሁለተኛው “ክዳን”። ሦስተኛው “ፈጽሞ፣ በምንም ጊዜ”። አራተኛውን ለማግኘት ገጹን ሁለቴ አገላበጠችው። “ማሸግ፤ አየር እንዳያስገባና እንዳያስወጣ አድርጎ መዝጋት።” ቃሎቹን ጎን ለጎን ጻፈቻቸው፤ ከዚያም ቀና ብላ አነበበቻቸው።

ስለዚህ ክዳኑን ፈጽሞ አታሽጉ። ይፈነዳል።

ክው ብላ ቀረች። እስክሪብቶው ከእጇ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ፤ ጎንበስ ብላ አነሣችው። አሥራ ሁለት ሊትር። በሰባት መቶ ሲባዛ። በደብተሩ ጥግ ላይ ስታባዛ አኃዞቿ የሷ አይመስሉም ነበር፦ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሊትር። የናፍጣ በርሜል ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል። አርባ ሁለት በርሜል። አርባ ሁለት በርሜል አየር፣ ከአንድ ወንበር ሥር፣ በአንዲት ጋን ውስጥ፣ ውጣ እያለ ውስጥ ውስጡን እየገፋ። ያም ጋን አርጅቷል፤ ሙቀት ያስገባል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ይፈላል። መውጫውን ደግሞ እሷ ናት በአምስት ዙር የጠመጠመችበት። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ሲባል ስንቴ ሰምታለች!

ወንድምአገኝ ጋ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሣም። ደግማ ደወለች። ይጠራል። የሚኒባሱን ዘፈን ታውቀዋለች፤ እዚያ ውስጥ ስልክ አይሰማም። የደረጀ ቁጥር የላትም። ሰዓቱ ሦስት ከአርባ አምስት ነው። መንገዱን በሐሳቧ ተከተለችው፤ ሞሚና ትዝ አለቻት።

“ሄሎ! ዘውዲ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች —”

“ሞሚና፣ ስሚኝ። የደረጀ ሚኒባስ አልፏል?”

“የለም፣ አላለፈም። ምነው? ማል ታቴ? ድምፅሽ ምን ሆነ?”

“አስቁሚው።”

“አቦ እሱማ መቼም ይቆማል፤ ሻዬን ሳይጠጣ —”

“ሰው ሁሉ ይውረድ! ከኋላ ያለውን ጆንያ ማንም እንዳይነካ! ይፈነዳል፣ ሞሚና። እኔ ያሰርኩት ነው።”

የዘውድነሽ እስር ምን ማለት እንደሆነ በዓለም ላይ ከሞሚና በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። “ያ አላህ” አለች ቀስ ብላ። ቀጥሎ የሰሐን መውደቅና የሩጫ ድምፅ ተሰማ። ሞሚና ስልኩን ሳትዘጋው ሻሿ ውስጥ ሸጉጣው ነበር፤ ዘውድነሽ ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ በጆሮዋ ነው ያየችው።

የመኪና ፍሬን ሲጮህ ሰማች።

“ምን ነካሽ አንቺ! ልትሞቺብኝ ነው?” ይህ ደረጀ ነው።

“ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ! ቦንብ ነው!”

“በጠዋቱ መረቀነች እንዴ ይቺ?” አለ አንድ ተሳፋሪ፤ ሌሎቹ ሳቁ። “አንድ እግር ጫት ለኛም አቀብዪን!”

“ወላሂ ሳቅ አይደለም! አዳቃዩ የታል? አንተ፣ ና፤ ስልክ!”

ወንድምአገኝ ስልኩን ሲይዝ ትንፋሹ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። “እትዬ ዘውዴ? ምንድን ነው?”

“ክዳኑን አሰርኩት።”

“የትኛውን ክዳን?”

“የጋኑን። በፌስታልና በከመነዳሪ። አምስት ዙር። እንዳይተን ብዬ።”

ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ ሲጮህ ሰማችው፤ ያ ዓይናፋር ልጅ እንዲያ ያለ ድምፅ አለው ብላ አስባ አታውቅም። “ውረዱ! ሴትዮዋ እውነቷን ነው! ዕቃ ተዉት፣ ውረዱ!” አሁን የሳቀ የለም። የበር መንሸራተት፣ የእግር ኮቴ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። ደረጀ ይቆጥራል፤ “አሥራ አንድ… አሥራ ሁለት… አሥራ ሦስት። አንድ ይጎድላል። ማናት የቀረችው?”

“እማማ ሰርካ ናቸው” አለ አንድ ድምፅ። “ከኋላ። ከጆንያው በላይ።”

የአሮጊቷ ድምፅ ከመኪናው ውስጥ በግልጽ ይሰማ ነበር። “እኔ አልወርድም! በሌሊት መጥቼ የያዝኩት ቦታ ነው። ወርጄ ስመለስ ሌላ ተቀምጦበት ላገኝ? አውቃችኋለሁ እናንተን!”

“እማማ፣ ኧረ ይፈነዳል!”

“ይፈንዳ! ለቦታ ስትሉ የማታወሩት የላችሁም።”

ስልኩ እጅ ቀየረ፤ ወደ ሞሚና ተመለሰ። ዘውድነሽ የሚሆነው ወዲያው ገባት። “ወንዴ፣ አትግባ!” ብላ ጮኸች፤ “ሞሚና፣ ያዢው!” የሰማት ግን የለም። እግር ወደ መኪናው ሲሮጥ ሰማች። ወለሉ ሲንኳኳ ሰማች።

“እማማ፣ አንገቴን ይያዙ።”

“ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ? ልቀቀኝ! ውይ! ሰው ፊት ሴት ይሸከሙ ጀመር?”

“አንገቴን ይያዙ አልኩ!”

ከዚያ ዓለም ተሰነጠቀ። ስልኩ እንዲያ ያለውን ድምፅ መሸከም አልቻለምና ቋ ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ዝም አለ። መስመሩ ተቋርጧል።

ዘውድነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሣችውም። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆመች እስከ ዛሬ አታውቀውም። የቢሮው ዘበኛ መጥቶ “እመቤቴ፣ ምን ሆነሻል?” ሲላት “በስመ አብ” ብላ ጀመረች፤ “ወወልድ” የሚለው አልመጣላትም። በሕይወቷ ሙሉ ያላቋረጠችው ጸሎት ከመጀመሪያው ቃል ላይ ተሰበረ። ሞሚና ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ወንድምአገኝ ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ ይጠራል። ይህን መጥሪያ የሚሰማ ሰው አለ ወይ?

በቢሮ ነጠላ ጫማዋ ወደ መንገዱ ወጣች፤ ደብተሩ አሁንም በእጇ ነው። ሽንኩርት ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ አይሱዙ ስታስቆም ሾፌሩ ፊቷን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ አሳፈራት። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ማሽላው ከግራ ከቀኝ ቆሟል። የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጁ እናት አለችው። ለፋሲካ ከደብረ ማርቆስ ቅቤ ትልክለታለች፤ ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ለእሷም ይሰጣታል። ለዚያች እናት ማን ነው የሚደውለው? ምንስ ብሎ? ቢሞት የገደለው እጅ ይኸው ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ገለበጠችውና አየችው። ንጹሕ ነበር፤ ይህ ይበልጥ አስደነገጣት።

ከአርበረከቴ መግቢያ ላይ ሕዝብ መንገዱን ዘግቷል። አይሱዙው ሳይቆም ወረደች።

ሚኒባሱ መሀል መንገድ ላይ ቆሟል። መስታወት የሚባል አልቀረውም። ከኋላ በኩል ጣራው ወደ ላይ ተቀዶ፣ የጀበና አፍ መስሎ ሰማዩን ያሳያል። ከተከፈተው በር ነጭ ጭስ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ጥርት ያለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለ አስፋልቱ ላይ እንደ ፈሰሰ ጨሌ ይንከባለላል፣ ይዘላል፣ ይጠፋል። መሬቱን አያረጥብም። የደረጀ አንዱ የላስቲክ ጫማ ከበሩ ሥር ወድቆ ፈሳሹ ነክቶት ነበር፤ አንድ ሰው በዱላ ሲነካው እንደ ብርጭቆ ተሰባበረ። ሕዝቡ “እ!” ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ዘውድነሽ ይህን ሁሉ አየች፤ የምትፈልገውን ግን አላየችም።

“ዘውዲ!” ሞሚና ከሰው መሀል ወጥታ አቀፈቻት። “አሉ! አልሃምዱሊላህ፣ አሉ!”

ወንድምአገኝ ከመንገዱ ዳር፣ ከቦዩ አፋፍ ላይ ተቀምጧል። ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ በአንገቱ ወርዷል፤ ጸጉሩ ላይ የመቀመጫ ስፖንጅ ተበትኖበታል። እማማ ሰርካ ከጎኑ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ደሙን ይጠርጉለታል። ከበሩ ሁለት እርምጃ እንኳ አልራቁም ነበር ክዳኑ ሲበር። ግፊቱ ወደ ላይ ሄደ፤ ሁለቱን ግን ከነተሸከመው ወደ ቦዩ ወረወራቸው።

ያን ጊዜ ሁለት ፖሊሶች ደረሱ። በዚህ መንገድ ላይ ፍንዳታ ሲሰማ ሰው የሚያስበው ይታወቃል፤ ሕዝቡም ከፊሉ “ፈንጂ ነው”፣ ከፊሉ “መርዝ ነው” ይላል። አንዱ ፖሊስ ደረጀን ክንዱን ይዞታል።

“ምን ነበር የጫንከው?”

“ጌታዬ፣ እኔ ጆንያ ነው የጫንኩት! ሁልጊዜም የምጭነው ነው! የላም ነገር ነው!”

“የላም ነገር ጣራ ይበሳል? ይህን ያሰረው ማነው?” ፖሊሱ የተቃጠለ የመሰለ የከመነዳሪ ቁራጭ ከመሬት አንሥቷል። ወደ ወንድምአገኝ ዞረ። “አንተ ነህ ባለቤቱ?”

ወንድምአገኝ የፖሊሱን ከንፈር እያየ ራሱን ነቀነቀ። ፍንዳታው ጆሮውን ደፍኖት አልሰማም፤ ፖሊሱ ግን አዎ ያለው መሰለው። “ተነሥ” አለው።

ሞሚና የዘውድነሽን እጅ አጥብቃ ያዘች። “ዝም በዪ” አለቻት በጆሮዋ። “ነገሩ ይረጋጋ። ኋላ ትናገሪያለሽ።”

ዘውድነሽ እጇን አስለቀቀች። “ያሰርኩት እኔ ነኝ” አለች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ደብተር የያዘች ሴት ናት። ፖሊሱ ሊስቅ ቃጣው። “አንቺ? ለምን?”

“እንዳያልቅ ብዬ። ጫት እንደሚታሰር አድርጌ አሰርኩት። ለምን እንደማይታሰር አላወቅኩም፤ ያወቅኩት ከሄደ በኋላ ነው። ይኸው።” ደብተሩን ዘረጋችለት። ማባዛቷን፣ የተሰረዙትን ቃላት፣ የመጨረሻዋን መስመር አየ። “ፈንጂ አይደለም። መርዝም አይደለም። አየር ነው። ቀዝቅዞ ውሃ የሆነ አየር ነው፤ ወደ አየርነቱ ልመለስ ሲል እኔ ዘጋሁበት። አንዱ ሊትር ሰባት መቶ ይሆናል። ልጁን ልቀቀው፤ እሱ ክዳኑን አላየውም። ሾፌሩም አላየውም። እሱ የገባው ለእማማ ነው።”

ፖሊሱ ደብተሩን አየ፣ የተቀደደውን ጣራ አየ፣ እንደገና ደብተሩን አየ። “አየር” አለ ለራሱ። “ይሄን ጭስ እኛ አሁን እየተነፈስነው ነው?”

“ጭሱስ ናይትሮጅኑ አይደለም፤ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው፣ ቀዝቅዞ ጉም የሆነው” አለች። ይህንም ከኑሃሚን መጽሐፍ ነበር ያነበበችው። “ግን ዝግ ቦታ ውስጥ አትግቡ፤ የሚተነፈሰውን ያሳጣል። ደጅ ላይ ምንም አይልም። ይሄዳል።”

እውነትም ሄደ። ሰዎቹ ቆመው ሲያዩ ጠብታው እየራቀ፣ ጉሙ እየሳሳ መጣ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ አስፋልቱ ላይ ምልክት እንኳ አልቀረም። የተረፈው ባዶ ጋን፣ የተበተነ ስትሮና የሞተ የአርባ ላም ተስፋ ነው። ፖሊሱ ስሟን መዘገበ፤ ነገ ከቢሮው ኃላፊ ጋር ጭሮ ጣቢያ እንድትቀርብ አዘዘና ወንድምአገኝን “ይሂድ፣ ይታከም” አለ። ዘውድነሽ በሞሚና ጎረቤት ስልክ ሂርና ደውላ ለገበሬዎቹ ሊቀመንበር እውነቱን ነገረችው። እሱም “ሰው ተረፈ?” ብሎ ጠየቃት። “ተረፈ” አለችው። “እንግዲያ ላም በሃያ አንድ ቀኗ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች” አላትና ዘጋው። ይህን ቃሉን እንደ ምርቃት ነው የተቀበለችው።

ወደ ጭሮ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ሌላ ሚኒባስ ተገኘ። ወንድምአገኝ በመስኮቱ በኩል፣ ዘውድነሽ ከመሀል፣ እማማ ሰርካ ከዳር ተቀመጡ። ሌላው ወንበር ሁሉ በማታውቃቸው ተሳፋሪዎች ተሞልቷል። መኪናው ሲነሣ ዘውድነሽ ወደ ልጁ ዘንበል አለች።

“ወንዴ፣ ይቅር በለኝ።”

“ምን?”

“ይቅር በለኝ።”

“ጮክ በዪ፣ እትዬ ዘውዴ!” አለ እሱ ራሱ እየጮኸ። “ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ነው ያለው!”

ዙሪያዋን አየች። ሹፌሩ በመስታወቱ እያያት ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

“ይቅር በለኝ!”

ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዘወር አሉ። ሹፌሩ ዘፈኑን ቀነሰው። ወንድምአገኝ ከንፈሯን እያየ ቆየ፤ ከዚያ በጨርቅ በታሰረው ቅንድቡ ሥር ዓይኑ እንባ ሞላ።

“ይሄኛውን ሰማሁ!” አለ፤ አሁንም ይጮኻል። “ሦስት ዓመት አብረን ሠራን! ለምን እንደማይታሸግ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አልነገርኩሽም! የምታነቢ ሴት መሆንሽን እያየሁ! አንቺም ይቅር በዪኝ!”

“ኧረ ቀስ በሉ፣ ልጆቼ” አሉ እማማ ሰርካ ጆሯቸውን ይዘው። “የእኔ ጆሮ ደኅና ነው!”

ተሳፋሪው ሳቀ። ወንድምአገኝ ምን እንደተባለ ሳይሰማ አብሮ ሳቀ። ዘውድነሽም ልትስቅ ሞከረች፤ የመጣላት ግን ሳቅ አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጦ የነበረው “ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” ነበር።